«ማይነር» ሊግ የማን ነው?

ዛሬ በከተማችን በብሩክሊን ሴንተር የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ወይዘሮ ጫልቱ የተባሉ እናት ተነሥተው፣ «ታዲያ ልጄ የት ትጫወት?» አሉ።

የተሰበሰብነው የሰፈራችን የበረዶ ሆኪ ሜዳ ይዘጋ ወይስ አይዘጋ በሚለው ላይ ለመምከር ነበር። ይዘጋ የሚሉ አንድ ጎረቤታችን በእንግሊዝኛ፣ «ሆኪ ወዳድ በሆነው ግዛታችን እንኳ ማይነር ሊጎች ጥቂት ናቸው፤ ልጆቹ የት ሊደርሱ ነው?» አሉ።

ከዋናው ሊግ በታች ያሉትን፣ ተጫዋች በደመወዝ የሚቀጥሩ ሊጎች ማለታቸው ነበር። አስተርጓሚያችን ግን፣ «ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ያሉት ሊጎች ጥቂት ናቸው» ብሎ ተረጎመው፤ ወይዘሮ ጫልቱን ያስነሣቸውም ይህ ነው። የዘወትር ሥራው ፍርድ ቤት ነው፤ እዚያ «ማይነር» ማለት ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ነውና አንፈርድበትም።

ስህተቱ ሲታረም ተሳሳቅን። ልጃቸው «ማም፣ ሲት ዳውን»፣ እማዬ ተቀመጪ ብትላቸው ወይዘሮ ጫልቱ፣ «አንቺ ግብ ጠባቂ ነሽ እንጂ ጠበቃዬ አይደለሽም» አሏትና ቀጠሉ፦

«ዓርብ ዓርብ ወንበሩን የምንሞላው እነማንን ለማየት ነው? እነዚህኑ ልጆች አይደለም?»

ለጎረቤታችን መልሱ ይኸው ነው። በየከተማው ሕዝቡ ለትምህርት ቤትና ለኮሌጅ ቡድኖቹ ይጮኻል፤ ትንንሾቹ የደመወዝ ሊጎች ተመልካች የሚያጡት ልባችን አስቀድሞ በልጆቻችን ስለተያዘ ነው። ታዲያ ይህ ሜዳ የሚያስዘጋ ምክንያት ነው?

ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል። በአክብሮት፣ ግን ሳላወላውል እናገራለሁ፦ እስከዚያም፣ ከዚያም በኋላ ይህን ሜዳ አንለቅም።

እናንተስ፣ የተሳሳተ ትርጉም እውነቱን ሲያወጣ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እስቲ ጻፉልኝ፤ ለወይዘሮ ጫልቱ አነብላቸዋለሁ።