በወንድሜ የቃሪያ ቆርቆሮዎች የቆመው ድንኳን

ሰኞ ከሰዓት ወንድሜ ቃሪያዎቹን በቢላ ቆረጣቸው። አራት ነበሩ፤ በአራት የዘይት ቆርቆሮ የተተከሉ። የጅጅጋ የኅዳር ብርድ ሲመጣ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል። ስንዝር የሚያህል ግንድ ብቻ ያስቀርና ቤት ያስገባቸዋል፤ በአራት ቀን አንዴ አንድ ስኒ ውሃ ይሰጣቸዋል። ሦስት ዓመት ኖረዋል።

«ገደልካቸው እኮ ጋሼ» አልኩት።

«አንተ ፀጉርህን ስትቆረጥ ሞተህ ታውቃለህ?»

አስተማሪ ነበር። እኔም እሱ ዘንድ ሆኜ ሁለተኛ ደረጃ እማር ነበር። በማግስቱ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ እንዲያይ ሀርሺን ወደምትባል ከተማ ተላከ። ተራው የእሱ አልነበረም። ዛሬም እላለሁ፤ ተራው አልነበረም። ባለተራው መምህር «አሞኛል» አለ፣ እሱ ሄደ። ሲመለስ የተሳፈረበት፣ በጆንያ ላይ ሰው የጫነ መኪና ተገለበጠ።

ረቡዕ ቀበርነው። ከቀብር ስንመለስ የእድሩ ድንኳን ግቢያችን ውስጥ ቆሟል። ምሰሶዎቹን አየሁ። አራቱም የቃሪያው ቆርቆሮዎች ውስጥ ገብተው፣ ዙሪያቸው ድንጋይ ተጠቅጥቋል።

«ቃሪያዎቹስ?»

«የቱ ቃሪያ?» አለኝ የእድሩ ዳኛ። «ደረቅ እንጨት ነው የነበረው። ነፋሱን አታየውም እንዴ? ከባድ ነገር ያስፈልጋል።»

«ደረቅ አይደለም! በሕይወት አለ!»

«አይዞህ የኔ ልጅ። ቃሪያ እንደሆነ ገበያ ሞልቷል።»

ሰዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። በሐዘን የቀወስኩ መሰላቸው። ባለተራውም እዚያው ተቀምጧል። በጤናው። ንፍሮ ይቆረጥማል።

ሊያጽናኑኝ ነው የመጡት፤ አውቃለሁ። ግን... ውሃ በጀሪካን እየተገዛ ሦስት ዓመት የኖረን ነገር፣ አንድ ሰው እንኳ ሳይጠይቁ ነቅሎ መጣል ምን ይባላል? ሰው ሲሞት ቤቱ ያለው ሁሉ የማንም ነው?

ሐሙስ ጠዋት ሰው ሳይመጣ ተነሳሁ። ሦስቱን ግንዶች ንፍሮው ከተቀቀለበት ምድጃ አጠገብ፣ ከማገዶው መሃል አገኘኋቸው። አራተኛው ነዷል መሰለኝ። ቅርፊታቸውን በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ አደረግሁ፤ የሁለቱ ውስጥ አረንጓዴ ነው።

ሁለቱን ምሰሶዎች ነቀልኩ። ሸራው አግዳሚዎቹ ላይ ተዘረረ። ድንጋዩን አወጣሁ፣ ሁለቱን ግንዶች መለስኩ፣ አፈሩን በእጄ ጠቀጠቅኩ። ድንኳኑን ግን መልሼ አላቆምኩትም።