ከኮን የመጣው ጋቢና

ድንጋዩ ሲወርድ እኔ ከመኪናው ኋላ ነበርኩ። ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ዝቅ ብሎ ካለው መታጠፊያ ላይ አንዲት ባልቴት «እዚህ ጋ አውርደኝ» ብለውኝ፣ የእህል ከረጢታቸውን ላወርድላቸው የመጫኛውን የኋላ ስፖንዳ ከፍቼ ቆሜያለሁ። ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። መጀመሪያ ጠጠር ተንኮሻኮሸ፤ ቀጥሎ በግ የሚያክል ድንጋይ ከገደሉ ተነስቶ ጋቢናው ላይ አረፈ። ጣሪያው እስከ መሪው ድረስ ገባ። ባልቴቷ ከረጢታቸውን አቅፈው «በስመ ሥላሴ! በስመ ሥላሴ!» ይላሉ። እኔ የመኪናውን ቁልፍ በእጄ እንደያዝኩ የሾፌር መቀመጫዬን ባይ ባይ አጣሁት።

ሞተሩ አልተነካም። ሁሉን የሚሸከመው ሻንሲም ደህና ነበር። ከላሊበላ ጋሸና የምመላለስባት፣ የቢራ ሳጥኑንም በጉንም ተሳላሚውንም የምትጭን አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ናት፤ ከእሷ ሌላ የምተዳደርበት የለኝም። አስጎትቼ ጋሸና ወሰድኳት።

እዚያ መኪናዬን የሚሠራልኝ መካኒክ ሲናገር የሰው ዓይን የማያይ ሰው ነው። የሚያየው ሁልጊዜ በእጁ ያለውን ብሎን ነው።

«ይሄ አይቃናም» አለኝ። «ሌላ ጋቢና ነው የሚያስፈልግህ።»

«ከየት ይመጣል?»

«ኮን አንድ ቄስ ቤት አለ። መኪናው ያንተው ዓይነት ነው፣ ሞተሩ ሞቷል። ጋቢናው ግን ወላሂ ምንም አልሆነ።»

«ይሸጡታል?»

«አይሸጡትም። ይለውጡሃል።»

«በምን?»

«በዚህ» አለና በመዶሻው እጀታ የተጨፈለቀውን ጋቢናዬን ነካ አደረገው።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። «ብዙ አትጠይቃቸው» ብሎኝ መኪናው ሥር ገባ።

ደህናውን ጋቢና በተጨፈለቀ የሚለውጥ ሰው አይቼ አላውቅም። ከጦርነቱ ወዲህ በእኛ መንገድ ላይ ፊቱ የአንዱ፣ ኋላው የሌላው፣ ወረቀቱ የሦስተኛ ሰው የሆነ መኪና ስንት አይቻለሁ። ቄስ መጠርጠር ደግሞ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፤ እኔም ድምፄ እስኪጎረንን በዲቁና አገልግያለሁ። እንዲያም ሆኖ ወደ ኮን ስሄድ መንገዱን ሁሉ በልቤ አንድ ነገር ብቻ ሳመላልስ ነበር፦ ምን ፈልገው ነው?

ቄሱ ግቢያቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሽበት የወረሳቸው፣ ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው። መስቀል አሳለሙኝ፤ ግባ ግን አላሉኝም። በእኛ አገር ከሩቅ የመጣን ሰው ደጅ አቁሞ ማነጋገር ትንሽ ነገር አይደለም።

«ድምፅህን ዝቅ አድርግ» አሉኝ በሹክሹክታ፤ በጓሮ በኩል ይዘውኝ ዞሩ።

መኪናው ጎማ የለውም፤ አራት ድንጋይ ላይ ቆሟል። መብራቶቹ ተነቅለዋል። ባትሪውም የለም። ላዩን በአረንጓዴ ሸራ ተሸፍኗል። ሸራውን ሲገልጡት ግን መካኒኩ እውነቱን ነበር፤ ነጭ ጋቢና፣ መስታወቱ ሙሉ፣ በሮቹ ልክክ ብለው የሚዘጉ።

«አባ፣ በዚህ ፈንታ ምን ላድርግልዎ?»

«ያንተን አምጥተህ እዚሁ ሻንሲ ላይ ታስርልኛለህ። ሐሙስ ጠዋት ባለቤቴ ጸበል ትሄዳለች። ሳትመለስ መጨረስ አለባችሁ። ሸራውንም እንደነበረ ትመልሱታላችሁ።»

«የተጨፈለቀ ነው እኮ። ምን ያደርግልዎታል?»

«ይሁን ብያለሁ» አሉ። ትንሽ ቆዩና ጨመሩ፦ «መንገድህ በየት በየት ነው? ቅዳሜ ቅዳሜ ኮን ገበያ ትመጣለህ?»

መንገዴን ማወቃቸው ለምን ይጠቅማቸዋል? እመጣለሁ አልኩ፤ ተሰናብቻቸው ስወጣ ግን ጀርባዬን እያዩኝ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር።

ጋሸና ስመለስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በእኛ ዓይነት መኪና ላይ ፋብሪካው የሰጠው የመኪናው ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ቆርቆሮ ከኮፈኑ ሥር፣ ጋቢናው ላይ ነው የተመታችው። ጋቢናዬን ስሰጣቸው ቆርቆሮዋም አብራ ትሄዳለች። የተሰረቀ መኪና ያለው ሰው የእኔን ቁጥር ቢያገኝ ምን እንደሚሠራበት ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ለካስ የፈለጉት ይህንን ነው አልኩ። ነገሩ ሁሉ በአንዴ የገባኝ መሰለኝ፤ ሹክሹክታው፣ ከሚስታቸው መደበቃቸው፣ የመካኒኩ አትጠይቅ ማለት።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ መካኒኩ ለሶላት ሲሄድ ኮፈኑን ከፍቼ፣ ቆርቆሮዋን የያዘውን ሪቪት በመሮ ቆርጬ ኪሴ ከተትኳት። የገዛ መኪናዬን የምሰርቅ ይመስል ነበር።

ሐሙስ ሥራው በሰዓቱ አለቀ። መካኒኩ ብሎኖቹን ቀደም ብሎ አላልቷቸው ስለነበር ስምንት ሰው ሆነን ነጩን ጋቢና አንስተን አወረድን፤ የእኔንም በቦታው አሳረፍን። ቄሱ አንዴ መንገዱን አንዴ እኛን ያያሉ። ነጩ ጋቢና ከመውረዱ በፊት መቋሚያቸውን አጠገቡ አቁመው ቁመቱን ለኩና በጥፍራቸው ምልክት አደረጉ። የእኔ ከታሰረ በኋላም ያንኑ ደገሙ።

«ጎደለ» አሉ ለራሳቸው።

መካኒኩን አየሁት። እሱ ብሎን ያያል።

ያገኘሁትን ጋቢና በእኔ ሻንሲ ላይ ጋሸና ገጠምነው። መሪው፣ ፍሬኑ፣ የመብራቱ ሽቦ ሁሉ እንደ ራሱ ገባ። የቄሱን መኪና ቆርቆሮ ነቀልኩና በቦታዋ የራሴን በአዲስ ሪቪት መታሁ። የእሳቸውን አልጣልኳትም። አንድ ቀን ጉድ ቢወጣ ማስረጃ ትሆነኛለች ብዬ በጨርቅ ጠቅልዬ ጋቢናው መሳቢያ ውስጥ ሸጎጥኳት።

ጉዱ የወጣው ለቦሎ ምርመራ ወልድያ ስሄድ ነው። የወጣው ግን በእኔ ላይ ነው።

መርማሪው ኮፈኑን ከፍቶ ቆርቆሮዋን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገ።

«ይሄ ሪቪት አዲስ ነው።»

«ጋቢና ቀይሬ ነው።»

«መቀየርህንማ አየሁ። ይቺን ማን መታት ነው የምልህ።»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ ማን ነህ? ፋብሪካው ነህ?»

ኮፈኑን ዘግቶ ወደ ጋቢናው ዞረ። መሳቢያውን ክፈት አለኝ። ጨርቁን ፈታው። ሁለተኛዋን ቆርቆሮ መዳፉ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አያት፤ ከዚያ እኔን አየ። ያ አስተያየት ቄሱን ሳይ የነበረኝ አስተያየት እንደሆነ የገባኝ ከቆየ በኋላ ነው።

«የዚህን ባለቤት ከነሊብሬው ይዘህ ና» አለኝ። «እስከዚያ መኪናው አይንቀሳቀስም።»

በሕዝብ መኪና ኮን ስሄድ ቄሱ እንደሚክዱኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ምን ሰጠሁህ ይሉኛል፣ ምስክርስ ማን አለህ ይሉኛል። ስለዚህ በር ላይ ቆሜ አልተጣራሁም። ግቢው ክፍት ነበር፤ ሰው አይታይም። በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄጄ የሸራውን ጫፍ ገለጥኩ።

ጋቢናዬ እዚያው አለ። በተጨፈለቀው ጣሪያ ላይ ግን ከረጢቶች ተደርድረው በገመድ ታስረዋል። አራት ናቸው፤ አንዱ ባንዱ ላይ፣ ከሸራው በታች እንደ ጣሪያ ሆነው። የጦር መሣሪያ ነው አልኩ በልቤ። የአንዱን አፍ ፈትቼ እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ። ጭድ ነው። ሁለተኛውንም ፈታሁ። ጭድ።

«ምን ጠፋብህ?»

ቄሱ ከኋላዬ ቆመዋል። እጄ ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ዞርኩ። እጄን አውጥቼ ያደረግሁትን ሁሉ ተናገርኩ፤ ቆርቆሮዋን መንቀሌን፣ የእሳቸውን መደበቄን፣ መኪናዬን መርማሪው መያዙን።

«እኔን ጠርጥረህ ነው?»

«አዎ አባ።»

እንዲቆጡኝ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን መቋሚያቸውን ተደግፈው መኪናውን የተሸከመው አንዱ ድንጋይ አጠገብ ተቀመጡ።

«በሬዎቼን ሸጬ ለልጄ የገዛሁለት መኪና ነው» አሉ። «በጦርነቱ ጊዜ ልጁ መኪናውን ትቶ ወጣ፤ አልተመለሰም። ሞተ ያለኝም የለ፣ አለ ያለኝም የለ። እሱ ከሄደ ወዲህ በመጀመሪያ መብራቱን ወሰዱት። ከዚያ ባትሪውን፣ ከዚያ ጎማውን። ቅዳሴ ስገባ ጠብቀው ነው የሚመጡት። እኔም ቆሜ እየቀደስኩ ዛሬ ማን ቀረ እያልኩ ሕዝቡን መቁጠር ጀመርኩ። ያልመጣውን ሁሉ እጠረጥራለሁ። ይህ የቄስ ሥራ ነው?»

እጄ ላይ የቀረውን ጭድ አራገፍኩ።

«ጋቢናው ደግሞ ዛሬ በሩ፣ ነገ መስታወቱ እያለ ከሚያልቅ፣ አንድ ሰው ሙሉውን ቢነዳው ይሻላል ብዬ ነው። የት እንዳለም አውቃለሁ፤ ቅዳሜም ስታልፍ አየዋለሁ።» ወደ ሸራው አዩ። «ችግሩ እናቱ ናት። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። ሸራው ዝቅ ብሎ ያየች ቀን፣ ልጁን ተስፋ ቆርጬ የሸጥኩት ነው የሚመስላት። ያንተ ጋቢና ቁመቱ ጎደለ። ጭድ ሞላሁበት።»

የፈታኋቸውን ከረጢቶች መልሼ አሰርኩ። እሳቸው ከጎኔ ቆመው ገመዱን ያዙልኝ።

በማግስቱ አብረን ወልድያ ሄድን። ሊብሬው በእሳቸው ስም ነው፤ ቆርቆሮዋ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አንድ ሆነ። መርማሪው ቄስም ቢሆኑ ዝም ብሎ አላለፋቸውም። የት እንደተቀየረ፣ ማን እንደቀየረ፣ ስንት ሰው እንዳነሳው ለየብቻ ጠየቀን። ሁለታችንም ስምንት አልን።

«መኪናውን ይነዳ የነበረው ማን ነው?» አላቸው እየጻፈ።

«ልጄ።»

«አሁን የት ነው?»

«መንገድ ላይ ነው» አሉ።

መርማሪው እስክሪብቶውን አነሳ። ሌላ ጥያቄ ሊያስከትል መስሎኝ ነበር። አላስከተለም። ወረቀቱ ላይ ማኅተም መታበትና «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር በራስህ እጅ እንዳትነካ» አለኝ።

ስንመለስ ቄሱ ከጎኔ ተቀመጡ። እስከ ጋሸና የመስታወቱን ማዞሪያ ይነኩታል፣ ይተዉታል፣ ደግመው ይነኩታል። ኮን ልንደርስ ስንል ከከተማው ወዲህ እንዳወርዳቸው ጠየቁኝ። ሲወርዱ በሩን በቀስታ ገፉት፤ ስላልገጠመ እኔ መልሼ ዘጋሁት።

መካኒኩን አግኝቼ «አንተ ነገሩን ታውቅ ነበር?» አልኩት። «አውቅ ነበር» አለ ብሎኑን እያየ። «አትናገር ብለውኛል።» ሻይ ልጋብዘው ስል ሥራ አለብኝ አለኝ። በእሱም ላይ ስንት ነገር እንዳሰብኩ ያወቀብኝ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮን ስገባ ቄሱ ከገበያው ጥግ ቆመው ያዩኛል፤ አጎንብሼ እጅ እነሳለሁ፤ እሳቸውም በመስቀላቸው ባርከውኝ ይሄዳሉ። አንድ ቅዳሜ ግን ከሚቆሙበት ቦታ አልነበሩም። ጤፍ እያራገፍኩ ሳለ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት መጥተው መዳፋቸውን በሩ ላይ አሳረፉ። አይቻቸው አላውቅም፤ ማን እንደሆኑ ግን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ።

«ደህና ይሄዳል?» አሉኝ።

«ምኑ፣ እማማ?»

«የልጄ ጋቢና።»

ያራገፍኩትን ከረጢት ይዤ ቀረሁ። «ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? ዶሮዬ ጠፍታብኝ ስፈልጋት በሸራው ሥር ገብታ ጭዱ ላይ እንቁላል ጥላ አገኘኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቁላሌን የምለቅመው ከዚያ ነው።» አንዴ ዘወር ብለው ገበያውን አዩ። «ለባለቤቴ እንዳትነግረው። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ የማየው እሱ ደስ ይለው ብዬ ነው። አለዚያ ሸራውን እያየ ደጅ ይውላል እንጂ ቤት አይገባም።»

ከዚያ በሩን ከፍተው፣ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡና የሾፌሩ መቀመጫ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን መሪው ላይ አላደረጉም፤ ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ወደ ፊት አዩ። እኔ ጤፉን ማራገፌን ቀጠልኩ። ስጨርስ ወርደው፣ በሩን በኃይል ዘግተው ሄደው ነበር። እንዴት እንደሚዘጋ ያውቁታል።

በሚቀጥለው ሳምንት ቄሱ ከመኪናው አጠገብ ድረስ መጡ።

«ባለቤቴ ባለፈው ገበያ ወጥታ ነበር» አሉ። «አግኝታሃለች?»

«አላገኙኝም፣ አባ።»

«ምንም አልጠየቀችህም?»

«ምንም።»

መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ፊታቸው ከፊቴ ቅርብ ነበር፤ ዓይኔን ግራና ቀኝ አዩት፣ እኔም ላለመሸሽ ታገልኩ። እንዳላመኑኝ ያስታውቅ ነበር። ሌላ ጥያቄ ግን አልጠየቁም፤ ዞረው በገበያው መሃል ወደ ቤታቸው ሄዱ።