ከመርዶው የቀደመው ፎቶ

ባለፈው ወር መሥሪያ ቤታችን ስለ ሥራ ሰዓት አጠቃቀም የግማሽ ቀን ስልጠና ሰጠን። አሰልጣኙ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ቃላቱን እየመዘነ የሚያወራ ጎረምሳ ነው። «እስቲ ስልካችሁን አውጡና በቀን ስንት ሰዓት ሶሻል ሚዲያ ላይ እንደምታሳልፉ ተመልከቱ» አለን። አወጣን። የእኔ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይላል። አጠገቤ የተቀመጠችው አየችና ጮኻ ተናገረች፤ አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ጎረምሳው ማይኩን ይዞ ወደ እኔ መጣና «ታዲያ ያዋጣል ይላሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። «እንደ አጠቃቀሙ ነው» አልሁት። አጨበጨቡልኝ። እንደ አጠቃቀሙ! ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የተናገርሁት። እኔ እንዴት እንደተጠቀምሁበት ቢያውቁ ኖሮ ማይኩን ከእጄ ይነጥቁኝ ነበር።

ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። ባለጉዳይ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «እመቤቴ፣ ፋይሌ ተገኘልኝ?» ሲለኝ «ዛሬ ኔትወርክ የለም፣ ነገ ይምጡ» እለውና፣ የለም ባልሁት ኔትወርክ የማላውቃትን ሴት ሠርግ አያለሁ። አንድ ሽማግሌ ከዳባት ሦስት ጊዜ አመላልሻለሁ። ፋይላቸው የት ነበር? ጠረጴዛዬ ላይ፣ ስልኬን ቻርጅ የማደርግበት ቦታ፣ ከስልኬ ሥር። በአራተኛው ቀን ሳገኝላቸው መረቁኝ፤ ምርቃቱንም ሳላፍር ተቀበልሁ።

ደግነቱንም አልክድም። ልጅ ሳለሁ ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ የተማረች፣ ወላጆቿ ሸክላ ይሠሩ የነበሩና ቤተሰቡ ሁሉ ወደ እስራኤል የሄደ ጓደኛ ነበረችኝ። ከስንት ዘመን በኋላ ያገኘኋት እዚያው ስልኬ ላይ ነው። በቪዲዮ ተያይተን ተላቀስን፣ ልጆቿን አሳየችኝ፣ በየቀኑ እንድንደዋወል ተማማልን። አሁን ፎቶ ስታወጣ የልብ ምልክት አደርግላታለሁ፤ እኔም ሳወጣ ታደርግልኛለች። ይኸው ነው ወዳጅነታችን።

የእኔ ትልቁ በሽታ ግን መቅደም ነበር። ብዙ ሰው የሚከተለው ገጽ አለኝ። ጎንደር ውስጥ ሰው ሲያገባ፣ ሲመረቅ፣ ሲሞት መጀመሪያ የሚሰማው ከእኔ ነው። በተለይ ሲሞት። የእድሩ ሰው ጡሩምባውን ይዞ ከቤቱ ሳይወጣ እኔ ፎቶውን መርጬ፣ ከሥሩ ሻማ ለኩሼ፣ «ነፍስ ይማር» ብዬ አውጥቻለሁ። ልቅሶ ቤት ግን አልሄድም፤ ጊዜ የለኝማ። የአክስቴ ልጅ በዚህ ይቀልድብኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት በድምፅ መልእክት «እህት ጡሩምባ፣ ዛሬስ ማንን ቀበርሽ?» ይለኛል። እስቅ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ስል እንዲሁ ዘመድ አይምሰላችሁ። እናቴ ቀድማ ስለሞተች ማክሰኝት ወስዳ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቷ ናት። ሽምብራ ነጋዴ ናት፤ ማንበብ አትችልም፤ ስልክም የላትም። ስንት ልጅ አለሽ ሲሏት «ሁለት፤ አንድ ወንድ አንድ ሴት» ትላለች። ሴቷ እኔ ነኝ። ወንዱ ልሰና ተምሮ አዘዞ ውስጥ አዳዲስ ቤቶች ይለስን ነበር። ሸጋ ልጅ ነበር። ደሞዝ በተቀበለ ቁጥር ለእናቱ ነጠላ፣ ለእኔ ካርድ ይገዛ ነበር። ካርዱን ምን ላይ እንደምጨርሰው እያወቀ።

ሲለስን ከቆመበት እንጨት ላይ የወደቀው ጠዋት ነው። ሆስፒታል ስደርስ አጎቴ በር ላይ ቆመዋል። አጎቴ ማለት የአክስቴና የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ሁላችንም «አያ» እያልን ነው የምንጠራቸው። ከሰዓት ወደ ሰባት ሰዓት ላይ ከውስጥ ወጡና ክንዴን ይዘው ወደ ዛፉ ጥላ ወሰዱኝ።

«ልጁ አልፏል» አሉኝ። «ዛሬ ገበያ ነው፤ እናቱ እዚያው ናት። ውላ ትግባ፣ እህል ትቅመስ፣ ትተኛ። ነገ ሲነጋ ከንስሐ አባቷ ጋር ሄደን እኛ እንነግራታለን። እስከዚያ ከአፍሽ እንዳይወጣ።»

«እሺ አያ» አልሁ።

መርዶ ጊዜ ይፈልጋል። በእኛ አገር እናት የልጇን ሞት እንዲሁ በመንገድ አትሰማም። ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩን ያንኳኳሉ። ጠንካራ ጠንካራ ሴቶች ተመርጠው ግራና ቀኟን ይይዟታል፤ ደረቷን እንዳትደቃ፣ ራሷን ከግድግዳ እንዳታጋጭ። ለዚያች አንድ ሌሊት እንቅልፏ ሲባል አገር ሁሉ አውቆ ዝም ይላል። የጎረቤት ሕፃን ሳይቀር ይመከራል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። የእናቴን መርዶ የነገሩኝ እንደዚህ ነው፤ ያን ጊዜ ከኋላዬ ሆና ያቀፈችኝ አክስቴ ነበረች።

ታዲያ ምን አደረግሁ? አጎቴ አስከሬኑን የሚወስድ መኪና ሊፈልጉ እንደሄዱ እዚያው ዛፍ ሥር ተቀምጬ ስልኬን አወጣሁ። ማልቀሴን እያለቀስሁ ነው፤ እንባዬ እውነተኛ ነበር፤ በዚህ ማንም አይጠርጥረኝ። ግን በልቤ የማስበው ምን መሰላችሁ? አብረውት የሚለስኑት ልጆች ስልክ አላቸው፤ ይቀድሙኛል ነው። የገዛ ወንድሜን ሞት ሌላ ሰው ሊያወጣብኝ ነው! ከአፌ አይውጣ አሉኝ እንጂ ስለ ስልክ ምን አሉኝ? ደግሞስ አክስቴ ስልክ የላት፣ ማንበብ አትችል፣ ምን ታውቅና። እንዲህ እያልሁ ራሴን አሳመንሁ።

ከእሱ ጋር የተነሳናቸው ሦስት ፎቶዎች ነበሩኝ። የመጀመሪያው ላይ እሱ በጣም ያምራል፤ እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኛለሁ፤ ተውሁት። ሁለተኛው ላይ አገጬ ወፍሯል፤ እሱንም ተውሁት። ሦስተኛው በጥምቀት ቀሐ፣ ባሕረ ጥምቀቱ ዳር የተነሳነው ነው። ጸበሉ አበስብሶታል፣ ትከሻዬን አቅፎኛል፣ ሁለታችንም እንስቃለን። እኔ አምሮብኛል። ፊታችንን ትንሽ አበራሁት፣ ከሥሩ ሻማ አደረግሁ፣ «ወንድሜ ምነው ቀደምኸኝ» ብዬ ጽፌ ለቀቅሁት። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ቅድም ያልኋችሁ አሰልጣኝ ስለ ጊዜ ሲያወራ ይህች ሁለት ደቂቃ ናት ትዝ ያለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ከዛፉ ሥር አልተነሳሁም። «አይዞሽ እህቴ»፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ»፣ የሚያለቅስ ፊት፣ የተሰበረ ልብ፤ በላይ በላዩ ይወርድልኝ ጀመር። አንዷ ደግሞ «በዚህ ሰዓት መናገሬ ባይሆንም ፎቶው ላይ ግን በጣም አምሮብሻል» ብላ ጻፈች። ልብ አደረግሁላት። ወንድሜ ገና አልተገነዘም ነበር፤ እኔ ልብ አደረግሁላት።

ማክሰኝት የሆነውን የሰማሁት ኋላ ከጎረቤቶቿ ነው። አክስቴ ሽምብራዋን ዘርግታ ተቀምጣለች። የጎረቤቷ ልጅ፣ ተማሪ ናት፣ ስልኳን እያየች መጣችና ቀጥ አለች። እናቲቱን አየች፣ ስልኩን አየች። አክስቴ «ምነው ልጄ፣ ምን አየሽ?» አለቻትና ስልኩን ከእጇ ተቀበለቻት። ምን ታንብብ? ጽሑፉ ለእሷ ጭረት ነው። ሻማን ግን ታውቃለች። ፎቶ ከሻማ ጋር የሚቀመጠው ለማን እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? ከሻማው በላይ ደግሞ ሁለት ሰው ነው ያለው። ልጇና እኔ።

«ሁለቱም!» ብላ ጮኸች ይላሉ። «ሁለቱንም! ምን በልቷቸው? መኪና ነው?» ሽምብራው ላይ ተደፋች። ተማሪዋ ደንግጣ ስልኳን እንኳ ሳትቀበል ሮጠች። ሰው ተሰበሰበ። ከተሰበሰቡት ውስጥ ያነበቡም ነበሩ፤ የሞተው እሱ ብቻ መሆኑም ገብቷቸዋል። ግን ማን አፉን ይክፈት? መርዶ የሽማግሌዎች ነዋ። «እኛ ምን እናውቃለን፣ ወሬ ይሆናል፣ ተይ ተረጋጊ» እያሉ ደግፈው ቤቷ አስገቧት። ለነዚያ ሰዎች ወጉ ገና ወግ ነበር፤ እኔ ነኝ ያቀለልሁት።

ለአጎቴ ስልክ ተደወለላቸው። እዚያው ዛፍ ሥር፣ ስልኬን እንደያዝሁ መጥተው ቆሙብኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። «ተነሽ፣ እንሂድ» ብቻ አሉ። ሚኒባስ ውስጥ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን። እሳቸው መንገድ መንገዱን ያያሉ። እኔስ ምን እያደረግሁ? ፎቶውን ላጠፋው ነበር ስልኬን ያወጣሁት፤ እምላለሁ፣ ላጠፋው ነበር። አዳዲስ የመጣውን ላንብብና አጠፋዋለሁ አልሁ። አንብቤ ሳልጨርስ ማክሰኝት ደረስን።

ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል። የንስሐ አባቷ መስቀላቸውን ይዘው በር ላይ ይጠብቁናል። ግቢው በሰው ሞልቷል፤ ማንም ሰላም አላለኝም። ከውስጥ የአክስቴ ድምፅ ይሰማል። የሁለታችንንም ስም እያፈራረቀች ታለቅሳለች። አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ እኔን። ለእኔ የምታወርደውን ሙሾ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት። «ድሃ የማታጉላላዋ» ትለኛለች። «ለባለጉዳይ የምትሮጠዋ፣ ሽማግሌ የምታከብረዋ ልጄ» ትለኛለች። አጎቴ ከኋላዬ ገፋ አደረጉኝና ገባሁ።

መደቡ ላይ ናት፤ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋታል። ቀና አለችና አየችኝ። ከሴቶቹ እጅ ወጥታ መጣች፣ ፊቴን ዳበሰችው፣ ሁለት እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

«አለሽ?» አለችኝ። «አለሽ እንዴ ልጄ?»

«አለሁ» አልሁ።

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደስታ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም፤ ባላየሁት ኖሮ! ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ውሸት ነው! አላልኋችሁም? ያ ሻማ ውሸት ነው! ይኸው መጣች እኮ! እልል አትሉም?» ማንም እልል አላለም። እሷ ግን አላየቻቸውም። «ወንድምሽስ? ከኋላሽ ነው? ሚኒባሱ ጋ ነው? ኧረ ተነሱ፣ ምነው ትቀመጣላችሁ፣ እህል አቅርቡ፣ ልጆቼ እርቧቸዋል!»

አንዲቱ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔ ወደ አጎቴ ዞርሁ፤ ንገሩልኝ ብዬ፣ በዓይኔ ለመንኋቸው።

«አያ» አልሁ።

«እኛ የመጣነው ላልሰማች እናት ልንነግር ነበር» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «የነገርሻት አንቺ ነሽ። ጨርሽው።»

ቄሱም መሬት መሬት አዩ። ግራና ቀኟን የሚይዝ የለም፤ ሴቶቹ በድንጋጤ መደቡ ላይ ቀርተዋል። እጄን እንደያዘች በሩን አሻግራ ታያለች፤ እሱ እስኪገባ ትጠብቃለች።

«አክስቴ» አልኋት፤ «እሱ አይመጣም። ጠዋት ከሕንፃ ላይ ወድቆ ሞቷል። እኔ ደህና ነኝ፤ የሞተው እሱ ብቻ ነው።»

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። «ፎቶውን ሻማ ላይ ማን አስቀመጠው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ምነው?» አለች።

ቦርሳዬ ውስጥ ስልኬ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ሰው አሁንም «አይዞሽ» እያለኝ ነው። ለምንድን ነው ልበላት? ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ነው ልበላት? ፎቶው ላይ ስላማርሁ ነው ልበላት?

እጄን ለቀቀችው። ተመልሳ መደቡ ላይ በሁለቱ ሴቶች መካከል ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።

«ሁለት ነው የሞተብኝ» አለቻቸው። «ቅድም አልተሳሳትሁም።»

ከዚያም እኔ ፊቷ ቆሜ እያለሁ፣ የሁለታችንንም ስም እያፈራረቀች ልቅሶዋን ከተወችበት ቀጠለች።