ከሞቱ በፊት ወይስ በኋላ

በመታወቂያችን ከሄድን ቤተሰባችን በሙሉ የተወለደው መስከረም አንድ ቀን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያናድደኛል። የዘር ሐረጋችንን መመዝገብ ስጀምር፣ ያላረጋገጥኩትን ቀን ላልጽፍ ለራሴ ቃል ገባሁ። የጠየቅኩት ሁሉ ግን "ኧረ ማን ቆጥሮት!" ይለኛል። እኔም "ግድም" እያልኩ እጽፋለሁ።

እናቴ ሰበታ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ልደቷን ስጠይቃት ዓመቱን ተወችውና፣ "አባቴ ከመሞቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? እሱን ፈልግልኝ" አለችኝ። ሱሉልታ የተቀበረውን አባቷን አታስታውሰውም። የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአርባው ተዝካር ቀን እናቷ አራስ ስለነበረች ቤተ ክርስቲያን አልገባችም። ሴት ልጅ የወለደች እስከ ሰማንያ ቀን አትገባም። ስለዚህ እናቴ የተወለደችው ከሞቱ ጥቂት ሳምንታት ቀድማ፣ ወይም ጥቂት ዘግይታ ነው።

"ስሞኝ ይሆናል እኮ" ትላለች።

ቡራዩ ወደሚኖሩት ታላቅ እህቷ ሄድኩ። ያኔ ነፍስ ያወቁ ልጅ ነበሩ። "አካም ጅርታ? ምነው ጠፋህ!" ብለው ሳሙኝ። ጥያቄዬን ሲሰሙ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

"በቀብሩ ዕለት እናታችን ደረቷን እንዳትደቃ ሴቶቹ እጇን ይዘዋት ነበር። ሆዷ ገፍቶ።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"አጠገቧ ቆሜ! ግን ለእሷ እንዳትነግራት። ምን ይጠቅማታል?"

ስመለስ መንገዱን ሙሉ ከራሴ ጋር ስጣላ ነበር። እያወቁ መደበቅ ከመዋሸት አይሻልም። የአሮጊት እናትን ተስፋ መንጠቅም ጀግንነት አይደለም። በመጨረሻ "አባቷ በሞተበት ሰሞን" ብዬ ጻፍኩ። ሐሰት የለበትም አልኩ።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችውና ቀና አለች።

"እህቴ ነገረችህ አይደል?"

"እንዳልነግርሽ ብለውኝ ነበር" አልኳት።

"አባቴ አላየኝም። እናቴ ሳትሞት ነግራኛለች። እስቲ አንድ ሰው እንኳ 'በፊት' ብሎ ቢጽፍልኝ ብዬ ነው።"

አንጀቴን በላችው። የገባሁትን ቃል ግን ማፍረስ አልሆነልኝም። የጻፍኩትን ሰረዝኩና "ከአባቷ ሞት በኋላ ተወለደች" ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም ጨመርኩበት፦ "በፊት ቢሆን ትወድ ነበር።"