ፊሽካ የያዙት ሽማግሌ

በኛ ቤት የኳስ ወሬ ሲነሣ አባቴ ጎል ያገቡትን አይጠራም። የሚጠራው ኳስ በእግራቸው ነክተው የማያውቁትን አጎቱን ነው። «እንደ ኑርሁሴን ያለ የኳስ ዳኛ ወሎ አላየችም» ይላል። ከዚያ «ደግሞም አታይም፤ እንደሳቸው ከተዳኘ ጨዋታ አያልቅማ!» ብሎ በራሱ ቀልድ ይስቃል። እኔ ኳስ አልወድም፤ ጩኸቱ ራሴን ያመኛል። አባባ ኑርሁሴንን ግን ሳላያቸው እወዳቸዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ላውራችሁ።

ኑርሁሴን ከኮምቦልቻ ወረድ ብሎ በቦርከና ወንዝ ዳር ጤፍና ማሽላ የሚያርሱ ሰው ነበሩ። ስማቸው የወጣው ግን በእርሻ አይደለም። እርሻቸውማ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከእሳቸው ይልቅ የጎረቤት ፍየል ይጠቀምበት ነበር። ስማቸው የወጣው በማስታረቅ ነው። ደም የተቃቡ ሰዎች ከቢስቲማ ድረስ ይመጡባቸዋል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም እሳቸው ፊት ተቀምጦ ይነጋገራል። ነገር ከያዙ በሬው ይፈታል፣ ምሳው ይቀዘቅዛል፣ ባለቤታቸው ሳፊያም ትቆጣለች። አባቴን በሺርን ያሳደጉት እነሱ ናቸው። እናቱ የኑርሁሴን እህት ነበረች፤ ገና ሕፃን ሳለ ሞተችበት።

ጊዜው 1931 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ከገባ ሦስተኛው ዓመት። የደሴ ጋራዥ፣ የኮምቦልቻ መጋዘን፣ የደጋን መንገድ ሥራ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ሠራተኛውም በየሥራው የኳስ ቡድን አቋቁሟል። ዋናው ውድድር ከጥቅምት ጀምሮ ወራት ይፈጃል። ከዚያ በፊት፣ በመስከረም፣ ማሟሻ የሚሆን ጥሎ ማለፍ አለ፤ የተሸነፈ ይወጣል፣ ያሸነፈ ያልፋል። ሽልማቱ አንድ የነሐስ ዋንጫና ሁለት ሙክት ነው። ሙክቱ ሁለት የሆነው በየቡድኑ እስላምም ክርስቲያንም ስላለ ሁሉም በየራሱ ቢላዋ እንዲያርድ ነው። በዚህስ ብልሆች ነበሩ።

በሌላው ግን ብልሆች አልነበሩም። ባለፈው ዓመት የደሴ ጋራዥ ሠራተኞችና የኮምቦልቻ መጋዘን ተሸካሚዎች ተጫውተው ሲያበቁ በድንጋይ ተፈነካክተዋል። ስለዚህ የመጋዘኑ ጣሊያን አለቃ «ዘንድሮ አንድ ራስ ቢፈነከት ጥሎ ማለፉም ዋናው ውድድርም የለም፤ ሜዳው የበርሜል ማከማቻ ይሆናል» አለ። ጣሊያኖቹ ለአበሻ ጨዋታ ፊሽካ ሊነፉ አይመጡም፤ ቢመጡስ ማን ያምናቸዋል? የደሴው አምበል ደምመላሽና የኮምቦልቻው አምበል ሞላ ተማክረው ኑርሁሴን ዘንድ ሄዱ።

ኑርሁሴን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሕጉን አስነገሩ። በእጅ መንካት ክልክል መሆኑን ሰሙ፣ መጥለፍ ክልክል መሆኑን ሰሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ነገር ብቻ አልዋጥላቸው አለ።

«የተሸነፈው ይወጣል አላችሁ?»

«አዎ አባባ፣ ይወጣል» አለ ደምመላሽ።

«ሸኚ ሳይኖረው?»

«ጥሎ ማለፍ እኮ ነው አባባ።»

«መጣሉስ ይሁን። እንግዳ ሳይሸኙ መስደድ ግን ነውር ነው።»

ስለዚህ አሸናፊ ተሸናፊውን እንዲሸኝ አዘዙ። የደጋን መንገድ ሠሪዎች በመጀመሪያው ጨዋታ ሲወድቁ ኮምቦልቻዎች እያዜሙ ግማሽ መንገድ ሸኟቸው። ደጋኖችም «እንዲህ ከሆነማ በየዓመቱ እንሸነፋለን» አሉ ይባላል። ይቺን አባቴ የጨመራት ይመስለኛል።

ዳኝነታቸው እንዲህ ነበር። አንዱ አንዱን ሲጠልፍ ፊሽካቸውን ይነፉና ሁለቱንም ሣሩ ላይ ያስቀምጣሉ። የወደቀው በደሉን ይናገራል፣ የጣለው ይመልሳል፣ ይቅር ይባባላሉ። ዱዓ ይደረጋል፤ ክርስቲያኑም አሜን ይላል። ኳስ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ጣሊያኑ አለቃ ከዳር ቆሞ የእጅ ሰዓቱን እያሳየ ሲጮህ፣ ኑርሁሴን ሰላምታ የሰጣቸው ይመስል እጃቸውን ያነሡለታል። አባቴ አውቀው ነው ይላል። እየቆየ ግን መጠላለፉ ቀነሰ። በእናቱና በእጮኛው ፊት ሣር ላይ ተቀምጦ «በክርኔ ደቁሼዋለሁ» ማለት ማንን ደስ ይለዋል?

እሳቸው ያላዩት ነገር ሲመጣ ደግሞ በመሐላ ይቆርጡታል። ከገራዶ የመጣው ቡድንና ደሴ ሲጫወቱ ኳሷ መስመሩን አልፋለች፣ የለም አላለፈችም ተባለ። ኑርሁሴን የገራዶውን ተከላካይ በእምነቱ እንዲምል ጠየቁት። ሰውየው አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋና «አልፋለች» አለ፤ ገራዶም በዚያው ወጣ። በኛ አገር በሐሰት የማለ ሰው ከብቱም ዘሩም አይባረክለትም፤ ይህን ሕፃኑም ያውቀዋል። ለኳስ ብሎ ይህን የሚደፍር አልነበረም።

ለፍጻሜ የቀረቡት ደሴና ኮምቦልቻ ሆኑ። ያኔ ኑርሁሴን ፊሽካውን መለሱ። «የኮምቦልቻው አጥቂ በሺር የእጄ ልጅ ነው። እስካሁን ያለፈው ይለፍ፤ በፍጻሜ ግን ሰው በዘመዱ ነገር አይፈርድም፤ ሌላ ፈልጉ» አሉ። እምቢ ያለው ከደሴ ወገን የሆነው ደምመላሽ ራሱ ነው። ሰማያዊ የጋራዥ ቱታውን እንደለበሰ ዳገቱን ወርዶ መጣና «አባባ፣ እርስዎ ካልገቡ እኛ አንጫወትም። ሌላ ሰው ከገባ እኮ ዱላ ይዘን ነው የምንመጣው» አላቸው። በማግሥቱ «ይሁን» ብለው ላኩበት። ፈርተው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ያቆዩት ስም በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያልቅ እንደሚችል ያውቃሉ፤ ያ ስም ከጠፋ ደግሞ ሌላ ሀብት የላቸውም።

እሑድ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ደሴዎች በጭነት መኪና ላይ ቆመው እየዘፈኑ ወረዱ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር የጎሉ ፊት ረግረግ ነው። አንድ ለአንድ ሆነው፣ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር፣ አንድ የተሻማ ኳስ እዚያ ረግረግ ላይ ወደቀ። በሺርና የደሴው በረኛ አንድ ላይ ተከመሩበት። ኳሷ ከሥራቸው ሾልካ በሁለቱ የባሕር ዛፍ ቋሚዎች መካከል ገባች።

«ጎል!» አለ ኮምቦልቻ።

«በእጁ ነው!» አለ ደምመላሽ።

«በጉልበቱ ነው! በዐይኔ በብረቱ አይቻለሁ!» አለ ሞላ።

ኑርሁሴን ሽርጣቸውን ሰብስበው ገና ከሜዳው መሐል እየሮጡ ነበር። ሲደርሱ ሁለቱም ሰዎች ከራስ እስከ እግር ጭቃ ሆነዋል፤ የበሺር እጅና ጉልበት አይለይም። በዳር በዳር የቆመው ሰው ጎንበስ ጎንበስ ማለት ጀመረ። ጎንበስ ብሎ ምን እንደሚያነሣ ባለፈው ዓመት ታይቷል።

«ተቀመጡ!» አሉ ኑርሁሴን። ሁሉም ተቀመጠ። ምስክር ጠየቁ። ኮምቦልቻ ሁሉ «በጉልበቱ ነው» አለ፤ ደሴ ሁሉ «በእጁ ነው» አለ። በመጨረሻ ደምመላሽ ተነሣ።

«እንግዲህ በሺር ይማል። እሱ ከማለ ጎሉ ይጽደቅ፤ እኛ አንዲት ቃል አንተነፍስም።»

«ይማል! ይማል!» አለ ሰዉ።

አባቴ ተነሣ። እስቲ አስቡት። ዋንጫው ጠረጴዛው ላይ ሲያብረቀርቅ ይታየዋል፣ ጓደኞቹ በዐይናቸው ይለምኑታል፣ የቀረችው አንዲት ቃል ናት። ቀኝ እጁን ሱሪው ላይ ጠራርጎ አነሣ። «ወላ...» ሲል የኑርሁሴን መዳፍ አፉ ላይ አረፈ።

«ጎል የለም» አሉ። «ኳሱን ደሴዎች ያስጀምሩ።»

ኮምቦልቻዎች የሰሙትን ማመን አቅቷቸው ደንዝዘው ቆመው ሳሉ ደሴዎች ኳሷን ይዘው ሄደው አገቡ። ጨዋታውም በዚያው አለቀ፤ ዋንጫውም ሙክቶቹም ዳገቱን ወጡ። ያን ቀን ማንም ማንንም አልሸኘም። ግን ድንጋይም አልተወረወረም፤ የኮምቦልቻ ንዴት ሁሉ ወደ ሽማግሌው ዞሮ ነበርና። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ነው የሚባለው፤ ይሄ ሰውዬ የማን ወገን ነው?» ይሉ ጀመር። «አያዳላም ለመባል ልጁን ሸጠ» ያለም ነበር። ይህን ያለውን ሰው ስሙን አውቀዋለሁ፤ ሞቷልና ትቼዋለሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኑርሁሴንና በሺር በቦርከና ዳር ወደ ቤት ሄዱ። አባቴ ተቆጥቶ ከፊት ከፊት ይራመዳል። ወንዙን ሲሻገሩ ግን አልቻለም።

«አባባ፣ ለምን? ልምል ነበር እኮ! ደምመላሽ እንኳ አምኖኝ ነበር!»

«ኳሷ እጅህን ነው የነካችው ወይስ ጉልበትህን?»

አባቴ እጁን አየ፤ ጉልበቱን አየ።

«አላውቅም» አለ። «ሁሉም ጭቃ ነበር። ወላሂ አላውቅም።»

«ይሄኛው መሐላ እውነት ነው» አሉ ኑርሁሴን። «እኔም ኳሷን አላየኋትም። ያየሁት አንተን ነው፤ ስትነሣ ዐይንህ ከዋንጫው አልተነቀለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ፤ አይመለስም። አብሽር፣ ና እንሂድ፤ ሳፊያ ትጠብቀናለች።»

አባቴ እዚህ ላይ ሲደርስ «እናትም አባትም እንዳለኝ ያን ለት አወቅሁ» ይላል።

ከዚያ ወዲያ ግን ኑርሁሴንን ለሽምግልና የሚጠራ ጠፋ። የተጣላ አልጠፋም፤ ወደ እሳቸው የሚመጣ ነው የጠፋው። ሰላምታው ራሱ ቀዘቀዘ። ከማረም በቀር ሥራ ስላልነበራቸው ጤፋቸው እንደዚያ ዓመት አምሮ አያውቅም። ሳፊያ ባልዋ ቤት ይዋልልኝ እያለች ስትማረር የኖረች ሴት፣ አሁን ቤት ሲውሉላት ጓዳ ገብታ ታለቅስ ጀመር።

አንድ ቀን መጋዘኑ ግቢ ተሸካሚዎቹ ሽማግሌውን ሲያሟቸው አባቴ የተሸከመውን ጆንያ መሬት ጣለ።

«ስሙኝ» አለ። «በእጄ ይሁን በጉልበቴ አላውቅም። ሳላውቅ ነው ልምል የነበረው። አፌን የያዙኝ ለዚህ ነው።»

በዐይኔ በብረቱ አየሁ ብሎ የጮኸው ሞላ የራሱን ጆንያ አወረደ።

«እኔስ ምን አየሁ?» አለ። «ጭቃ ነው ያየሁት።»

በሚቀጥለው እሑድ ኑርሁሴን ጤፋቸው ውስጥ አጎንብሰው ሲያርሙ ብዙ ሰው ተከታትሎ ሲመጣ አዩ። ቀና አሉ፤ ፊታቸውም ወዲያው በራ። የተጣላ ሰው ይዘው የመጡ መስሏቸዋል።

«አሰላሙ አለይኩም! ምነዋ፣ ደህና? ማን ከማን ተጣላ?»

ሞላ ቆቡን አወለቀ።

«እኛ ነን አባባ። ከእርስዎ።»

ኑርሁሴን የነቀሉት አረም ከእጃቸው ወደቀ። «ታዲያ ሽማግሌ ሳትይዙ ነው የመጣችሁት?»

«ይዘናል» አለ ሞላ።

ከመካከላቸው ደምመላሽ ወጣ። ለዚሁ ብሎ በጠዋት ከደሴ ወርዷል። ንጹሕ ጋቢ ደርቧል፤ ዕድሜ እንዲጨምርለት ይመስለኛል፣ ከዘራም ይዟል። አባቴን ቢበልጠው በጥቂት ነው።

«አባባ፣ ይቀመጡ» አለ ከዘራውን ተደግፎ። «ሰዎቹ በድለናል ይላሉ። እርስዎስ ምን ይላሉ?»

አገር ሲያስታርቁ የኖሩት ሰው እርሻው ዳር ቁጭ አሉና የትከሻ ፎጣቸውን ዐይናቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ደምመላሽም ሽማግሌ ከዚህ በኋላ ምን እንደሚል ስላላወቀ አጠገባቸው ተቀምጦ አብሯቸው አለቀሰ።