የምሳ ክፍሉ ሶኬት

ዕፀገነት አቃቂ በሚገኝ አንድ የጫማ ፋብሪካ ሶል ማጣበቅ ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማስቲሽ ስትምግ ኖራለች። ማታ አልጋ ላይ ባሏ ጀርባውን የሚሰጣት ተጣልተው አይደለም፤ ፀጉሯ ስለሚሸት ነው። ራስ ምታቱንማ ተዉት። ለዚህ ሁሉ ፋብሪካው የሰጣት መድኃኒት በቀን ግማሽ ሊትር ወተት ነበር። ወተት መርዙን ይገፋል ይባላል፤ ማን እንዳለው አይታወቅም። በፍስክ ቀን ግጥም አድርጋ ትጠጣዋለች፤ ረቡዕና ዓርብ ለልጇ ይዛ ትገባለች።

ባለፈው ዓመት ናፍቆት የምትባል ወጣት የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ መጣችና ሴቶቹን ሰብስባ አንድ እፍኝ ነጭ ዱቄት አሳየቻቸው። ፖሊመር ነው አለቻቸው።

«እያንዳንዷ ቅንጣት ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሲኒዎች አሉ። የማስቲሹ ትነት በአየር ሲያልፍ ሲኒው ይቀበለዋል፤ እንደ እንግዳ ገብቶ ይቀመጣል። ዱቄቱን ስናሞቀው እንግዳው ተነሥቶ ይወጣል፤ ባዶው ሲኒ ደግሞ ሌላ ይቀበላል።»

«ከወጣ በኋላስ የት ይሄዳል?» አለች ዕፀገነት።

«በቱቦ ተስቦ ቀዝቃዛ በርሜል ውስጥ ይገባል። እዚያ ፈሳሽ ይሆንና ይታሸጋል።»

ዱቄቱ በሳጥን ተሞልቶ ከማጣበቂያ ጠረጴዛዎቹ በላይ ተሰቀለ፤ ቬንትሌተሩ የአዳራሹን አየር በእሱ በኩል ይስባል። እውነት ለመናገር፣ ሠራ። በሦስተኛው ቀን ራስ ምታቷ ለቀቃት። በሳምንቱ ሰርቪሱ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት በፌስታል የያዘችው በሶብላ ሸተታት፤ ሳሪስ እስክትወርድ ድረስ አለቀሰች።

ደስታዋ የቆየው ሳጥኖቹ በትነት እስኪሞሉ ነው። ሞልተው መሞቅ ሲያስፈልጋቸው ሥራ አስኪያጁ አምባው፣ አቶ የሚለው ይቅርበትና፣ ማሞቂያውን የሴቶቹ ምሳ ክፍል አስገባው። ለምን? ትርፍ ሶኬት ያለው እዚያ ነዋ! በርሜሉም አልተገዛም። ቱቦው ምሳ ዕቃ ከሚደረደርበት መደርደሪያ አናት ላይ ተቆርጦ ቀረ። ሳምንቱን ሙሉ ከአዳራሹ የተለቀመው ትነት አርባ ሴቶች እንጀራቸውን በሚቆርሱበት ክፍል ይለቀቃል። ወተቱም ተቋረጠ፤ አየሩ ንጹሕ ሆኗላ!

ሽሮው ማስቲሽ ማስቲሽ አለ። ትነቱን ዘይቱ ጠጥቶታል። ምላስ ላይ ይለጠፋል፣ ጉሮሮ ላይ ይቆማል፣ ከሰዓት በኋላ በግሳት ይመለሳል። ያስጠላል! የዳነው አፍንጫዋ ደግሞ ነገሩን አባሰባት፤ ዱሮ ቢሆን ምንም አይታወቃትም ነበር።

ሄዳ ለአምባው ነገረችው።

«ካልተስማማሽ ማጣሪያውን አስነቅለዋለሁ» አላት ከስልኩ ቀና ሳይል። «ወደ ዱሮ ማስቲሽሽ ትመለሻለሽ።»

ናፍቆት ስትመጣ አምባው የሚያሳያት አዳራሹን ብቻ ነው። መለኪያዋም አይዋሽም፤ አዳራሹ ንጹሕ ነው። እንዲህ እንዲህ ሲል የመጨረሻው ሪፖርት የሚፈረምበት ረቡዕ ደረሰ። ናፍቆት ከዚያ ወዲያ አትመጣም። ዛሬ ካላየች ማሞቂያው ምሳ ክፍል ውስጥ እንደሚያረጅ ዕፀገነት ታውቃለች። አምባው ደግሞ ጠዋት ሴቶቹን አሰልፎ፣ «እሷ ፊት ስለ ማሞቂያው አንዲት ቃል የተነፈሰች፣ ነገ ሰርቪስ ላይ እንዳላያት» ብሏል።

ስለ ማሞቂያው ቃል አልተነፈሰችም። ናፍቆት ብዕሯን እንደያዘች ከአምባው ጋር ከአዳራሹ ልትወጣ ስትል፣ ዕፀገነት ምሳ ዕቃዋን ከፍታ በሩ ላይ ቆመች።

«ልጄ፣ ራስ ምታቴን ያዳንሽልኝ አንቺ ነሽ። ሳላጎርስሽማ አትሄጂም።»

«ኧረ እትዬ ዕፀገነት፣ አይቸገሩ...»

«በሞቴ!»

በሞቴ ከተባለ በኋላ ማን እምቢ ይላል? ጠቅለል አድርጋ አጎረሰቻት። ወዲያው ሌላ ጠቅልላ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች።

«እርስዎም ጌታዬ፣ በሞቴ።»

አምባው አፉን ከፈተ። እንግዳ ፊት ምን ያድርግ?

ናፍቆት ሁለቴ አኝካ ቆመች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ያንን ሽታ ላቦራቶሪ ውስጥ ሦስት ዓመት ስታሳድደው ኖራለች። መሐረቧን አውጥታ ተፋችው።

«ይሄ ምግብ የት ነው የተቀመጠው?»

ዕፀገነት በአገጯ ወደ ምሳ ክፍሉ ጠቆመች። ናፍቆት ብዕሯን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ወደዚያው ገባች።

አምባው አልተፋም። አኘከ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። እንደገና አኘከ፤ ከዚያ ዋጠው።

«ይጣፍጣል» አለ ከንፈሩን እየጠረገ። «ባለሙያ ነሽ።»

ዕፀገነት ያንን ሽሮ ስንት ወር ስትበላ አንድ ቀን እንኳ አላስመለሳትም። አሁን ግን ምሳ ዕቃዋን አጠገቧ ለቆመችው ሴት አስጨብጣ፣ አፏን በእጇ ይዛ ወደ ግቢው ሮጠች።