የፓፓ ኦዶኤሜና ረጃጅም ቃላት

ናይጄሪያ፣ ኡሙአሂያ ከተማ ውስጥ ፓፓ ኦዶኤሜና ያልተናገሩበት ሰርግ ሰርግ አይባልም። ከፍርድ ቤት ጸሐፊነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው እንግሊዝኛ ሆኗል። ጠዋት ጠዋት በረንዳቸው ላይ ዲክሽነሪ ጭናቸው ላይ ዘርግተው አንድ አዲስ ቃል ይይዛሉ፤ ቃሉ በረዘመ ቁጥር ደስታቸው ነው። ድግስ ላይ ተነስተው ሲለቁት ሰው ባይገባውም ያጨበጭባል፣ «ዲክሽነሪ! ይድገሙን!» ይላል፣ የዘንባባ ጠጅ ይቀዳላቸዋል። ምን ይደረግ፣ እኛ ያልገባንን ነገር እንወዳለን።

ሚስታቸው ኡሎማ ግን አጨብጭባ አታውቅም። ሰሞኑን ቁርሱን አቅርባ አጠገባቸው ቆም ትላለች። እሳቸው ጣታቸውን ከገጹ ሳያነሱ፣ ቆይ እስቲ ቃሉ እንዳይጠፋኝ ይሏታል። ትቆይና ትሄዳለች።

አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ደጃፉ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ጎረቤቶች ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷት። መጠበቂያው ክፍል ሰው በሰው ነው፤ አንድ ወጣት ዶክተር ከአንዱ በር ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። ጎረቤቶች ፓፓን ወደፊት ገፏቸው፤ ጥሩ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ቶሎ ይታይለታል፣ እርስዎ ያናግሩት አሉ። እሳቸውም አመኑ። ሌላ ምን አላቸው?

ዶክተሩ ፊት ቆመው የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። የሚያውቁት አነጋገር ግን የድግሱን ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ለዶክተሩ ክብር፣ ቀጥሎ ለተሰበሰበው ሰው ክብር፣ ከዚያ ወደ ኡሎማ ሊመጡ ነው። ገና መሃል ሳይደርሱ አንዱን ረጅም ቃል ሲለቁት፣ ከአግዳሚው ላይ አንድ ሰውዬ አጨበጨበ። «ዲክሽነሪ!» ሌላው ተቀበለው፣ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ፓፓ ተዉኝ ብለው እጃቸውን ቢያወዛውዙ ጭብጨባው ባሰ። ዶክተሩም እየሳቀ፣ ፓፓ የኔን ሰርግ የሚመሩልኝ እርስዎ ነዎት ብሎ ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ አለፈ።

ኧረ የሰው ያለህ! ሰው እየሞተ ይጨበጨባል? ፓፓ ዶክተሩን ተከትለው እጅጌውን ያዙትና በገዛ ቋንቋቸው፣ በኢግቦ፣ «ልጄ፣ ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው» አሉት።

የዶክተሩ ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። ወዲያው ነርሶች ኡሎማን በተሽከርካሪ አልጋ ይዘዋት ገቡ። ዶክተሩ በሩን እንደያዘ ዞር አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያማት? የቱ ጋ ነው?»

ፓፓ ሊያስታውሱ ሞከሩ። ቁርሱን አቅርባ አጠገባቸው ስትቆም ደረቷን ነበር የምትይዘው ወይስ ሆዷን? አንድም ቀን ቀና ብለው አላዩዋትም።

«አላውቅም» አሉ።

ዶክተሩ በሩን ዘጋው። ያ መጀመሪያ ያጨበጨበው ሰውዬ፣ ነገሩ ያልገባው፣ ከአግዳሚው ላይ ሆኖ፣ «ዲክሽነሪ፣ እስቲ አንድ ይጨምሩልን» አላቸው። ፓፓ የተዘጋውን በር እያዩ ቆመው ቀሩ።